ተረት በጆሮ ብቻ አይገባም፦ በእጁ ያስተማረና የተረከው በርናርድ ብራግ

ዛሬ አንድ ሰው እናስተዋውቃችኋለን። ከሱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለን።

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብላችሁ መመለስን ማን አስተማራችሁ? አያት? እናት? ታላቅ እህት? በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ? ማንም ይሁን ማን፣ ተረቱ የገባው በጆሯችሁ ነው። ጅብ ሆዳም፣ ጦጣ ብልጥ፣ አህያ የዋህ መሆኗን ያወቅነው ገና ፊደል ሳንቆጥር ነው። ቋንቋውንም አብረን የለቀምነው ከዚያው ነው።

አሁን ደግሞ መስማት የማይችል ልጅ አስቡ። ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፤ የምልክት ቋንቋ የሚችል ግን አንድም ሰው የለም። ማታ ሁሉም ተሰብስቦ ይጫወታል፣ ይስቃል። እሱ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ከንፈርና የሚንከተከት ሰው ብቻ ነው። «ምን ተባለ?» ብሎ በዓይኑ ሲጠይቅ «ቆይ፣ በኋላ» የሚል የእጅ ምልክት ያሳዩታል። ያ «በኋላ» ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ለዚህ ልጅ ተረት የሚነግረው ማነው? አጭሩ መልስ፦ እንደሱ መስማት የተሳነው፣ ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው። ረጅሙን መልስ በአንድ ሰው ሕይወት እናሳያችኋለን። ስሙ በርናርድ ብራግ ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ መምህር፣ ተዋናይና ተራኪ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

ከአስሩ አንዱ

ብራግ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1928 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። «ውይ፣ ምስኪን!» ልትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው፤ ዕድለኛ ልጅ ነበር።

ለምን? መስማት የተሳናቸው ልጆች ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ወላጆቹ ልጃቸውን ይወዱታል፤ ግን ልጁ ሊያየው የሚችል ቋንቋ የላቸውም። «ውሃ»፣ «ና»፣ «ተኛ» የሚሉ እዚያው ቤት የተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ይዞ ያድጋል። «ለምን?»፣ «ባለፈው ሳምንት»፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚሉት ሐሳቦች ግን በነዚያ ምልክቶች በቀላሉ አይመጡም። የልጅ አእምሮ ቋንቋን እንደ ስፖንጅ የሚመጠው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። እነዚያ ዓመታት ባዶ ካለፉ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ሁሉ ይከብዳል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚጎዳው ጆሮው ስላልሰማ ብቻ ሳይሆን ምንም ቋንቋ በጊዜው ስላልደረሰው ነው።

ብራግ ከአስሩ አንዱ ነበር። እቤቱ ቋንቋ ሞልቶ ነበር። አባትና እናት በምልክት ይጨቃጨቃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ሰው ያማሉ። አባቱ ዎልፍ ብራግ ደግሞ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለራሳቸው የሚሠሩትን አማተር የቴአትር ቡድን ይመራ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በእጅ የሚነገር ታሪክ ሰውን ሲያስቅና ሲያስለቅስ አይቶ ነው ያደገው። ሌላው ልጅ ከአያቱ በጆሮ የሚያገኘውን እሱ ከአባቱ በዓይን አገኘው።

የሳቅ ትምህርት

ብራግ የተማረው ኒውዮርክ በሚገኘው፣ በተለምዶ ፋንዉድ በሚባለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነው። የሕይወት ታሪኩን በ1989 በመጽሐፍ ሲያወጣ ርዕሱን «የሳቅ ትምህርት» እንደማለት አድርጎ ሰየመው። ርዕሱ የመጣው ከትምህርት ቤት ትዝታው ነው። አንዲት መምህርት የልጆቹ ሳቅ አልጣማትም፤ ድምፃቸው የሰው ሳቅ አይመስልም አለች። ከዚያ ቁጭ አድርጋ «በትክክል» መሳቅ አስተማረቻቸው። አስቡት፦ ልጆች በገዛ ሳቃቸው እንዲያፍሩ ተደረጉ ማለት ነው። ራሳቸው የማይሰሙትን ድምፅ፣ ለሚሰሙ ሰዎች ጆሮ እንዲስማማ ተለማመዱ።

የዚያች መምህርት ሐሳብ ከራሷ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የዘመኑ መንፈስ ነው። ወደ ኋላ እንመለስና በ1880 ጣሊያን ሚላን ውስጥ አንድ የመምህራን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከ160 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ከነሱ መካከል መስማት የተሳነው ስንት ይመስላችኋል? አንድ ብቻ! ጉባኤው መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር እንጂ በምልክት እንዳይማሩ ወሰነ። ውሳኔው በብዙ አገሮች ተከተለ።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ትምህርት ማለት ንግግር ከሆነ መስማት የተሳነው መምህር ምን ሊያስተምር? በቃ፣ ከሥራ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ በ1870 ገደማ በነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት ከአስሩ አራቱ ያህል ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን ከአስሩ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ልጆቹ እንደነሱ የሆነ ትልቅ ሰው ሳያዩ መማር ጀመሩ።

«ታዲያ ከንፈር ማንበብ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አሁኑኑ የስልካችሁን ካሜራ ወደ ራሳችሁ አዙሩና ድምፅ ሳታወጡ «ማማ»፣ «ባባ»፣ «ፓፓ» በሉ። ልዩነት አያችሁ? የለም። ከንፈር ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ከአፍ ከሚወጣው ድምፅ ከንፈር ላይ በግልጽ የሚታየው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ግምት ነው። ቋንቋውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሊገምት ይችላል። ቋንቋ የሌለው ሕፃን ግን ከየት አምጥቶ ይገምት?

ስለዚህ እውነተኛው ትምህርት ከክፍል ውጭ ሆነ። በአዳሪ ትምህርት ቤቶች መኝታ ክፍል፣ ከወላጆቻቸው ቋንቋ ይዘው የመጡት እንደ ብራግ ያሉ ልጆች ለሌሎቹ መምህር ሆኑ። ያዩትን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃቸው ይተርኩላቸዋል። በጣት ፊደሎች ተራ የሚሄድ ተረትም ነበራቸው፦ የመጀመሪያው ምልክት በ«ኤ» የእጅ ቅርጽ፣ ቀጣዩ በ«ቢ»፣ እንዲህ እያለ እስከ «ዜድ»፣ ታሪኩ ሳይቋረጥ። ቅኔ የሚወድ ሰው ይሄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ መምህር ሲገኝ

ፋንዉድ ውስጥ ብራግን የለወጠው ሮበርት ፓናራ የተባለ መምህር ነው። ፓናራ በ10 ዓመቱ በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት ያቆመ፣ ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ሰው ነበር። የእንግሊዝኛ ግጥሞችን በምልክት ቋንቋ እየተረጎመ ለተማሪዎቹ ያቀርብላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ግጥም ለነሱ በወረቀት ላይ የተደረደረ ከባድ ቃል ነበር። በፓናራ እጅ ሲታይ ግን ሕይወት ዘራ። ብራግ ያየው ግጥሙን ብቻ አይደለም፤ እንደሱ መስማት የተሳነው ሰው የተማረ፣ የተከበረና የሚያስተምር ሊሆን እንደሚችልም አየ።

ከዚያ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ጋሎዴት ኮሌጅ ገባ። ጋሎዴት በ1864 የተመሠረተ፣ መስማት ለተሳናቸው ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው። በ1952 ተመረቀና ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ በሚገኘው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። እዚያ 15 ዓመት አስተማረ። ፓናራ ለሱ ያደረገውን እሱ ለልጆቹ አደረገ፦ እያስተማረ ይተርካል፣ እየተረከ ያስተምራል።

በ1956 አንድ ነገር ተፈጠረ። በዓለም የታወቀው ፈረንሳዊው የፓንቶማይም ሰው ማርሴል ማርሶ ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ትርኢት አሳየ። ብራግ ተመልካች ነበር። መድረክ ላይ አንድ ቃል ሳይናገር ሺህ ሰው የሚይዝ ሰው ሲያይ ተደመመ። ከትርኢቱ በኋላ ሄዶ ተገናኘው፣ የራሱንም ችሎታ አሳየው። ማርሶ ፓሪስ መጥተህ ከኔ ጋር ተማር አለው። ብራግ ሄዶ ተማረ።

ከተመለሰ በኋላ ቀን መምህር፣ ማታ የመድረክ ሰው ሆነ። በሳን ፍራንሲስኮ የምሽት ክበቦች ለሚሰሙ ሰዎች ትርኢት ያቀርብ ነበር። ኬኪውኢዲ በተባለው የከተማዋ ቴሌቪዥን ጣቢያም «ዝምተኛው ሰው» በሚል ስም የራሱ ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበረው። ድምፅ በሌለው ፕሮግራም ቴሌቪዥን ላይ መቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ቆይ፣ የምልክት ቋንቋ ፓንቶማይም ነው እንዴ?

አይደለም። ይሄን ለመለየት ከብራግ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ ሁለቱንም ያውቅ ነበርና።

ፓንቶማይም የምታዩትን ነገር ማስመሰል ነው፦ ግድግዳ መግፋት፣ ደረጃ መውጣት፣ አበባ ማሽተት። የምልክት ቋንቋ ግን ሰዋስው አለው። «አምና ዝናብ በጊዜው ቢጥል ኖሮ ወንድሜ ከተማ አይመጣም ነበር» የሚለውን በፓንቶማይም ሞክሩት፤ አይሆንም። በምልክት ቋንቋ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይሄን በጥናት ያሳየው ጋሎዴት ያስተምር የነበረው ዊልያም ስቶኪ ነው፤ ጥናቱን በ1960 አሳተመ። እያንዳንዱ ምልክት እንደ ቃል በትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው አለ፦ የእጁ ቅርጽ፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ እንቅስቃሴው። አንዱን ብትቀይሩ ሌላ ቃል ይሆናል፤ «በራ» እና «ጠራ» በአንድ ፊደል እንደሚለያዩት ማለት ነው። ፊትም የሰዋስው አካል ነው። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስመልስ ጥያቄ ሲጠየቅ ቅንድብ ከፍ ይላል። ቅንድቡ ካልተነሳ ያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

በ1965 ስቶኪ ከሁለት መስማት የተሳናቸው ባልደረቦቹ፣ ከዶሮቲ ካስተርላይንና ከካርል ክሮነበርግ ጋር የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አወጣ። ያን ጊዜ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች እንኳ የሚጠቀሙበትን «ቋንቋ» ብለው ለመጥራት አይደፍሩም ነበር። ለዘመናት «የጦጣ ሥራ ነው» ሲባሉ ከርመዋል፤ ሰው ደግሞ ደጋግሞ የተነገረውን ያምናል።

ሰውነት እንደ ካሜራ

አሁን ወደ ብራግ ትልቁ ሥራ እንምጣ። ፓንቶማይሙን፣ የምልክት ቋንቋውንና የፊልም አሠራርን አዋህዶ አንድ የትረካ ዘዴ አዳበረ። ስሙን «ቪዥዋል ቨርናኩላር» አለው፤ «የዓይን አፍ መፍቻ» ብንለው ያስኬዳል። ዛሬ ባጭሩ «ቪቪ» ይሉታል።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንይ። ታሪኩ ቀላል ነው፦ ንስር፣ በግና እረኛ። ተራኪው አንድ ሰው ነው፤ ቆሞ ነው የሚተርከው፤ ካሜራ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ የመድረክ ዕቃ የለም።

መጀመሪያ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ በቀስታ ያዘነብላል። ንስሩ እሱ ነው። ዓይኑ ወደ ታች ያያል። ከዚያ አንድ እጁ ወደ ታች ወርዶ፣ ጣቶቹ በጣም ትንሽ ነገር ሆነው ሜዳ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ይሄ ከሰማይ የታየችው በግ ናት፤ በፊልም ቋንቋ የሩቅ ዕይታ። ወዲያው ይቆረጣል። አሁን ተራኪው ራሱ በጓ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ሳር ያመነዥካል። ይቆረጣል። እረኛው ነው፤ ዱላውን ተደግፎ ያዛጋል። ይቆረጣል። ጡጫው ዓይኑ አጠገብ ቀስ ብሎ ሲከፈት የንስሩን የዓይን ብሌን ብቻ ታያላችሁ፤ ይሄ የቅርብ ዕይታ ነው። ከዚያ ጣቶቹ ቆልመም ብለው በዝግታ ይወርዳሉ፤ ጥፍሮቹ ናቸው፣ በስሎው ሞሽን። መጨረሻ ላይ የእረኛው ፊት። አፉ ተከፍቷል፤ ረፍዷል።

አያችሁ? በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ገጸ ባሕሪ፣ ስድስት ቀረጻ፣ አንድ ተራኪ። አንድም ቃል አልወጣም፣ እናንተ ግን ፊልም አይታችኋል። ዘዴው የሚጠቀመው በአንድ አገር ምልክት ቋንቋ ቃላት ላይ ሳይሆን በዕይታ ላይ ስለሆነ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎችም ይከተሉታል። ዛሬ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች በስልክ ቀርጸው የሚለቋቸው የቪቪ ቪዲዮዎች ሥራቸው እዚህ ጋ ነው። ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ ታገኟቸዋላችሁ።

«አታሳዩት» የተባለው ፕሮግራም

በ1967 ብራግ የመምህርነት ሥራውን ትቶ አዲስ ነገር ጀመረ። ከመድረክ ንድፍ ባለሙያው ዴቪድ ሄይስ ጋር ሆኖ ብሔራዊ የመስማት የተሳናቸው ቴአትር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ቡድኑ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ስለሱ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፕሮግራም አዘጋጀ።

ተቃውሞ መጣ። በአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም የሚጠራው፣ ንግግርን ብቻ የሚደግፈው ማኅበር ፕሮግራሙ እንዳይተላለፍ ጠየቀ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የምልክት ቋንቋ በቴሌቪዥን ከታየ፣ ልጆችን መናገር ለማስተማር የሚለፉ ወላጆችና መምህራን ልፋታቸው ይበላሻል የሚል ነው። ማለትም ችግሩ ቋንቋው መጥፎ መሆኑ ሳይሆን ቆንጆ ሆኖ መታየቱ ነበር። ኤንቢሲ አልሰማቸውም፤ አስተላለፈው።

ቴአትሩ ከዚያ በኋላ አሜሪካን ዞረ፣ ዓለምን ዞረ፣ በ1977 የቶኒ ሽልማት ተሰጠው። በርካታ ወላጆችና ልጆች የምልክት ቋንቋን በክብር መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ ቡድን ነው።

ብራግ ግን ለሚሰሙ ተመልካቾች ብቻ መሥራት አልበቃውም። በ1980 ከዩጂን በርግማን ጋር አንድ ተውኔት ጻፈ። ታሪኩ የሚካሄደው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማታ ማታ በሚሰባሰቡበት ክበብ ውስጥ ነው፤ ሐሜቱ፣ ፍቅሩ፣ ጠቡ፣ ካርታ ጨዋታው ሁሉ አለበት። ለማንም የማይተረጎም፣ የራሳቸው ሕይወት። ክበቡን ያየንበት ዓይን ደግሞ ዎልፍ ብራግ ልጁን ካሳደገበት ቤት የመጣ ይመስለናል።

በ1973 ሞስኮ ሄዶ ከሩሲያ መስማት የተሳናቸው ቴአትር ጋር ሠርቷል። በ1979 ደግሞ «ስምህ ዮናስ ነው» እንደማለት በሚተረጎም የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ተሳትፏል። ፊልሙ ስለ አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ሰዎች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት ብለው ተቋም ውስጥ አስገቡት። በኋላ ሲታይ ልጁ አእምሮው ምንም አልሆነም፤ አይሰማም እንጂ። እናቱ መጀመሪያ በንግግር ብቻ ልታስተምረው ትሞክራለች። መፍትሔው የተገኘው መስማት ከተሳናቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር ስትተዋወቅ ነው።

ብራግ በኦክቶበር 2018፣ በ90 ዓመቱ አረፈ። የሚላኑን ውሳኔ ደግሞ ያው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ በ2010 ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስቦ መጸጸቱን ገለጸ። 130 ዓመት ፈጀበት።

ይሄ እኛን ምን አገባን?

ያገባናል። መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ነገር እናስተካክል፦ የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው በዓለም ከ70 ሚሊዮን በላይ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አሉ፤ ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎችም አሉ። አሜሪካና እንግሊዝ የሚናገሩት አንድ ነው፣ የምልክት ቋንቋቸው ግን አይግባባም። የአሜሪካው የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሎራን ክሌርክ የተባለ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር በ1817 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ትምህርት ቤት ለመክፈት መርዳቱ ነው። ቋንቋውን ያሻገረው መምህር ነው፤ እንደገና።

ወደ አፍሪካም የተሻገረው በመምህር ነው። ብራግ ጋሎዴት ተመርቆ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1954፣ አንድሪው ፎስተር ከዚያው ኮሌጅ በዲግሪ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። እሱም መስማት የተሳነው ነው። በ1957 ጋና አክራ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1987 እስኪሞት ድረስ በ13 የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች አቋቁሟል።

እኛ አገር ደግሞ በ1960ዎቹ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከፍተዋል። የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ተጽዕኖ አንዱ መግቢያ ይሄ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ግን የራሱ ቋንቋ ነው። እንዲያውም የጣት ፊደሉ ሲታይ ያስገርማል፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፤ ከግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ እስከ ሳብዕ ያለውን ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለየዋል። «ሀ ሁ ሂ» በአየር ላይ ይጻፋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 መንግሥታት የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንንም ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩ ይጠይቃል። ይሄ ለመምህሩ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ከአስሩ ዘጠኙ ልጆች ቤታቸው ቋንቋ ስለማያገኙ፣ ቋንቋውን አፍ የፈታበት ወይም እንደ አፍ መፍቻ የሚያውቀው ሰው የሚያገኙት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። እዚያ ያ መምህር ከሌለ ልጁ ሌላ በር የለውም።

አማርኛችንም ትንሽ ያስፈራል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት የተሳነውን ሰውና ያልተማረውን ሰው በአንድ ስድብ ይጠራል፤ «ድንቁርና» ስንል ደግሞ አለማወቅ ማለታችን ነው። ቋንቋው ራሱ «ያልሰማ አያውቅም» እያለን ነው። የብራግ ሕይወት የሚመልሰው ይሄንኑ ነው። አለማወቅ የሚመጣው ካለመስማት ሳይሆን ካለመነገር ነው። የተነገረውማ፣ ዓይኑ እያየ አወቀ፤ አውቆም ሌሎቹን አስተማረ።

ምን እናድርግ?

ትልልቁን ነገር ለመንግሥትና ለትምህርት ቤቶች እንተውና፣ እኛ ዛሬ የምንችለው ይሄን ነው።

አንደኛ፣ ቃላችንን እናስተካክል። «መስማት የተሳነው» ማለት አይከብድም። «ድዳ» እና «ደንቆሮ» ይቅሩ።

ሁለተኛ፣ መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ስታወሩ ፊታችሁን ወደሱ አዙሩ፣ ብርሃን ባለበት ቁሙ፣ አትጩሁ። አስተርጓሚ ካለ ለአስተርጓሚው ሳይሆን ለሰውየው አውሩ። ካልተግባባችሁ ስልክ ላይ ጻፉለት፤ መጻፍ የማይችል ከሆነም በትዕግሥት አሳዩት።

ሦስተኛ፣ ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ መስማት የተሳነው ልጅ ካለ «ሲያድግ ትምህርት ቤት ይገባል» ብላችሁ አትጠብቁ። ዛሬውኑ የምልክት ቋንቋ ከሚችሉ ትልልቅ ሰዎች ጋር አገናኙት፤ በከተማችሁ መስማት የተሳናቸው ማኅበር ካለ ጠይቁ። ወላጆችም አብረው ይማሩ። ልጁ መናገር ቢማር ወይም የመስሚያ መሣሪያ ቢያደርግ እንኳ ምልክት ቋንቋ አይጎዳውም።

አራተኛ፣ ማታ ሰብሰብ ብላችሁ ስትስቁ ያ ልጅ «ምን ተባለ?» ብሎ ካያችሁ «በኋላ» አትበሉት። እጃችሁ ላይ ያለው ምልክት ትንሽ ቢሆንም እዚያው፣ ያኔውኑ ንገሩት።